ባቻ አለ ወይ?

ሰኔ 24 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ዓርብ

ዛሬ ነገሩኝ።

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አባ ገብረመስቀል ናቸው። ከኋላቸው የእድራችን ሦስት ሰዎች። ከሁሉም ኋላ አጥሩን ተደግፋ ድርቤ፣ የስልክ ቤቷ ልጅ፣ ዝናቡ ላይዋ ላይ እየወረደ። እሷን ሳይ ነው ያወቅሁት። ሽማግሌ ለሌላም ጉዳይ ይመጣል። ድርቤ ግን በዚያ ሰዓት ሥራ ለመግባት መሰናዳት ነበረባት።

«ግቡና ተቀመጡ፤ ግን አትናገሩ» አልኳቸው።

ተናገሩ።

ባቻ ሞቷል። ልጄ ባቻ ጨመዳ ሞቷል። ሰሜን፣ ከአስመራ ወዲያ ባለ ጦር ሰፈር። እጄ እንዲለምደው ነው ደግሜ የጻፍኩት።

አባ ድርቤን «ቀኑ መቼ ነው?» ብለው ጠየቋት። አርባውን ለመቁጠር ነው። ድርቤ መሬት መሬት እያየች «ሰሞኑን ነው፣ አባ» አለች።

«ሰሞኑን ማለት መቼ?»

«ሰሞኑን።»

እኔ መለስኩላቸው። «ትናንት ነው የሚሆነው። ትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበረ። ድርቤ፣ በመስኮቱ ብቅ ብለሽ አለ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ከእኔ በላይ አለቀሰች።

ስለዚህ ትናንት ነው። ሰኔ 23፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ። አባ በጣታቸው ቆጥረው አርባው ነሐሴ 2 ይውላል አሉኝ።

ሰኔ 25፣ ቅዳሜ

የባኬ ጃማ ቀበሌያችን ሊቀመንበር ፉፋ መጣ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። በር ላይ ቆሞ፣

«እናት ሐረግወይን፣ ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ለቅሶ ነው።»

«የማን?»

«የባቻ። አብረኸው ኳስ ስትራገጥ ያደግኸው ባቻ።»

ፊቱ ልውጥ አለና መልሶ እንደነበረ ሆነ። «ደብዳቤ መጥቷል?»

«የምን ደብዳቤ?»

«የመንግሥት። ደብዳቤ ሳይመጣ ሞት የለም። ድንኳን አይተከልም፣ ድምፅ አይወጣም። ወሬውን ማን አመጣው?»

አባ «ወሬማ በአየር ላይ ነው ልጄ» አሉት።

«በአየር ላይ ያለውን የሚያወርድ ሰው አለ፤ እኛ የምንፈልገው እሱን ነው» አለ ፉፋ።

ሊወጣ ሲል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ዋቃዮ እሲን ሃ ጀጀቤሱ፣ ሃርሜ» አለኝ። እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ ማለቱ ነው። ጮክ ብሎ ከለከለኝ፣ በሹክሹክታ አጽናናኝ። ሁለቱንም አልቀበልኩትም።

ሰኔ 26

ድምፅ ሳያወጡ ማልቀስ ይቻላል። አንገት ያማል እንጂ ይቻላል።

ሰኔ 30፣ ሐሙስ

ሥራ አልሄድኩም። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ይህ ደብተር የማን እንደሆነ ልጻፍ፤ ካልጻፍኩ ለሚያነበው ሰው ነገሩ አይገባውም።

ደብተሩ የባቻ ነው። ወታደር ሳይሆን በፊት እዚሁ ነቀምት ስልክ ቤት ከድርቤ ጋር ሴንትራሊኖ፣ ስልክ በገመድ የሚያገናኘው ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። የፊተኞቹን ስምንት ገጾች እሱ ጽፎባቸዋል። ቀሪው ባዶ ነው። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ አንድ ገጽ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። አሁን ጊዜ አለኝ።

የስልክ ቤት ሰዎች በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መስመር ይሞክራሉ። ነቀምት አዲስ አበባን ይጠራል፣ አዲስ አበባ ደሴን፣ ደሴ አስመራን። አንዱ «አለህ?» ይላል፣ ሌላው «አለሁ» ይላል። ሥራው ይኸው ነው። ባቻና ጓደኞቹ ግን በዚህ ላይ የራሳቸውን ጨመሩበት። መስመሩ ደህና መሆኑን ካወቁ በኋላ ሰው ይጠይቃሉ። ጊምቢ ያለችው ኦፕሬተር ወንድሟ ደሴ ከሆነ «እገሌ አለ?» ትላለች። ጥያቄው ከጣቢያ ጣቢያ ይሄዳል፣ መልሱ በመጣበት ይመለሳል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አለቃ አላዘዘውም፣ ማንም አልፈረመበትም። የአንዱ ከተማ ማሽን አዲስ ነው፣ የሌላው በጣሊያን ጊዜ የተተከለ ነው። አንዱ ኦሮምኛ ይናገራል፣ ሌላው ትግርኛ። ግን ሁሉም እኩል ይጠይቃል፣ ሁሉም እኩል ይመልሳል። ባቻ እንዲህ ብሎ ጽፎታል፤ እንዳለ ገለበጥኩት።

«መልስ አራት ነው። አለ። ሥራ ላይ ነው። ወጥቷል። አይመልስም። ሌላ አትጨምር።

አንደኛ፣ ማንም ይጠይቅ፣ ይመለስለት። የማታውቀውም ቢሆን።

ሁለተኛ፣ ጥያቄ ሲደርስህ ለሚቀጥለው አሳልፍ። አንተ ጋ አይቁም።

ሦስተኛ፣ በጆሮህ ያልሰማኸውን አለ አትበል።»

የዛሬ ሁለት ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ስልክ ስለሚያውቅ እዚያም የሰፈሩን ሴንትራሊኖ ሰጡት። ሁልጊዜ ጠዋት ከአስመራ ጋር መስመር ይሞክራል። አስመራ የሚቀበለው ተድላ የሚባል የወሎ ሰው ነው። ተድላ የባቻን ድምፅ ይሰማል፣ ለደሴ ይናገራል፣ ደሴ ለአዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ለድርቤ። እኔ ወደ ቡና መጋዘን ስሄድ በስልክ ቤቱ በኩል አልፋለሁ። ድርቤ መስኮቱን ከፍታ «አካም ቡልተን፣ ሃርሜ! ጅራ!» ትለኛለች። አካም ቡልተን እንዴት አደሩ፣ ጅራ ደግሞ አለ ማለት ነው። እጄን አንስቼላት አልፋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርሴ ይኸው ነበር።

ድርቤ መልካም ልጅ ናት። ስለ ባቻ የማትጠይቀኝ ነገር የለም። ግንቦት ውስጥ እንኳ ለአንድ ቅጽ ነው ብላ የክርስትና ስሙን ጠየቀችኝ። ወልደዮሐንስ ነው አልኳት። ድርቤ የሚሲዮን ልጅ ናት፤ እነሱ ዘንድ የክርስትና ስም የሚባል የለም። እንዳትሳሳት ሁለት ጊዜ አስጻፈችኝ። ሳቅሁባት።

አንድ ጊዜ ብቻ ክፉ ተናግሬያታለሁ። በፋሲካ ሰሞን ሁለት ቀን «አይመልስም» አለችኝ፤ መስመር ተበጥሶ ኖሯል። «ድርቤ፣ ዳግመኛ አይመልስም ያልሽኝ ቀን እዚሁ መስኮትሽ ሥር ነው የምወድቀው፤ ሬሳዬን አንቺ ታነሺዋለሽ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ጅራ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አይመልስም የሚል ቃል ከአፏ አልሰማሁም።

ሐምሌ 4፣ ሰኞ

መጋዘን ገባሁ። ሴቶቹ ቦታዬን ጠብቀውልኛል። ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ። ቡናው ብቻ በእጃቸው ውስጥ ይንኮሻኮሻል።

አሰገደች ዝምታ አትችልም። «ምነው ተለጎማችሁ? ቤት ውስጥ ማልቀስ ቢከለከል ቡና ላይ አልተከለከለ» አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ አለቀሱ። እኔ ለቀማዬን ቀጠልኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደኔ ተጠጋች። «ሐረግ፣ ጉቴ ከተማ አንድ ልጅ ከሰሜን ተመልሷል። ዳዲ ይባላል፤ አንድ እግሩ የለም። ከባቻ ጋር አንድ ሰፈር ነበሩ አሉ። ሰፈሩ ከጠፋ ቆይቷል ይላል።»

«ቆይቷል ስንት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እቴ። በሰርግ ወር ነው አሉ።»

«ውሸት ነው። ሰኔ 23 ጠዋት ነበረ።»

«እሺ፣ ነበረ።»

ለእብድ እንደሚባለው ዓይነት እሺ።

ከሰዓት በኋላ ጥቁሩን ፍሬ ከጥሩው ቀላቀልኩት። ተቆጣጣሪው አይቶ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 6

ጠዋት መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ከመርዶው ወዲህ ድርቤ ጅራ አትለኝም፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትሰግድልኛለች እንጂ።

«ድርቤ፣ ሰኔ 23 ጠዋት ድምፁን ማን ሰማ?»

«ተድላ፣ ሃርሜ።»

«በጆሮው?»

የያዘችውን ገመድ ከቀዳዳው ነቀለችና መልሳ እዚያው ሰካችው። ማንም አልጠራም ነበር።

«ማሎ፣ ሃርሜ፣ እባክዎ። እዚህ አይሆንም። ሰው ሲቀንስ ቤት እመጣለሁ።»

«እዚህ ነው ስትነግሪኝ የኖርሽው። እዚሁ ንገሪኝ።»

ከኋላዋ አለቃዋ ጉሮሮውን ጠረገ። መስኮቱን ዘጋችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ፊቴ ላይ ስትዘጋው ይህ መጀመሪያዋ ነው።

ሐምሌ 9፣ ቅዳሜ

ጉቴ ሄጄ መጣሁ። ጫማዬ አልደረቀም፣ እኔም አልደረቅኩም፤ ግን ሳልረሳው ልጻፈው።

ዳዲ እናቱ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ገና ፂሙ ያልሞላ ልጅ ነው። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። የባቻ እናት ነኝ ስለው ሊነሳ ሞከረና ተወው።

«ባቻ ስልኬው» አለ። «እንዲህ ነበር የምንለው። ጠዋት ጠዋት ስልኩን ይዞ ከሰው ሁሉ በፊት ሲያወራ እንሰማዋለን። 'ለናትህ ነው ለሚስትህ?' እንለዋለን። 'ነቀምት አንዲት ሴትዮ ቁርሷን እየጠበቀች ነው' ይለናል።»

«የት ሞተ?»

«እዚያው ስልኩ ጋ። መጀመሪያ የተመታው ምሽግ የሱ ነው።»

«መቼ?»

«እሑድ ነበር። ሰዓቱ አምስት ይሆናል፣ ፀሐዩ ከሮ ነበር። ግንቦት አጋማሽ ነው፣ ሃርሜ። ቀኑን አላውቅም። እኔ ሆስፒታል ስነቃ ግንቦት ሊያልቅ ነበር።»

ብዙ ጠየቅሁት። ከዚህ ሌላ አያውቅም።

በግንቦት አጋማሽ እሑድ ጉቴ መጥቼ ነበር። የእህቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ጠዋት በስልክ ቤቱ አልፌ፣ ጅራ ተብዬ፣ በደስታ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አምስት ሰዓት ላይ ምን ሳደርግ ነበር? ሙሽራይቱን ሲያወጡ እኔ ፊት ለፊት ነበርኩ። ጉልበቴን እስኪያመኝ ጨፈርኩ። «የባቻ እናት ዛሬ አበደች» ብለው ሳቁብኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ያ እሑድ ከሆነ ከዚያ በኋላ ስንት ጠዋት ነው? ስንት ጊዜ እጄን አነሳሁላት?

ሐምሌ 11

መንገድ ቀየርኩ። በወፍጮው በኩል፣ በጭቃው። ሃያ ደቂቃ ይጨምራል። ይጨምር።

ሐምሌ 13

ድርቤ ቤት መጣች። በሩን አልከፈትኩም። ብዙ ቆመች። በመጨረሻ «ሃርሜ፣ ቀኑን ልነግርዎ ነው የመጣሁት» ያለች መሰለኝ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው አልሰማሁም። መስማትም አልፈለግኩም። ከሷ አፍ የሚወጣ ቀን አላምንም።

ሐምሌ 17፣ እሑድ

የቀበሌ ስብሰባ ነበር። አለመሄድ አይቻልም።

ፉፋ ስለ ወሬ አናፋሾች ተናገረ። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ የቀበሌያችንን ዘማቾች ስም አነበበ። ከነሱ አንድም የወደቀ የለም አለ። ስምንተኛው ስም ላይ «ጓድ ባቻ ጨመዳ፣ በግዳጅ ላይ» ሲል ተነሳሁ። ማን አነሳኝ? እግሬ ነው የተነሳው።

«ልጄ ሞቷል» አልኩ። «በግንቦት ነው የሞተው። አንተ አለ ትለኛለህ። የስልክ ቤቷ ድርቤም አለ ስትለኝ ነበር። አስመራ ያለው ተድላም አለ ሲል ነበር፣ በየጠዋቱ። ሁላችሁም አንድ ናችሁ።»

ፉፋ ወረቀቱን አጠፈው። ከጎኑ የተቀመጠው ጸሐፊ ብዕሩን አንስቶ፣

«የአስመራው ማን ነው ያሉት?» አለኝ።

«ተድላ። ኦፕሬተር ነው።»

ጻፈው።

ቤት ስገባ ደረቴ ቀለል ብሎኝ ነበር። ድምፄን አውጥቼ፣ ሰው ፊት፣ ልጄ ሞቷል አልኩ። ሃያ አራት ቀን ሙሉ ተከልክዬ የኖርኩትን ነው የተናገርኩት። ይኸው።

ሐምሌ 19

ዛሬ በድሮው መንገድ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጭቃው ስለበዛ ነው።

መስኮቱ ዝግ ነው። ትናንት ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዷት አሉኝ።

እኔ እውነቱን ነው የተናገርኩት። የዋሹት እነሱ ናቸው።

ሐምሌ 21፣ ሐሙስ

እኔንም ጠሩኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ነው፣ ካፖርት የለበሰ። ፉፋ ጥግ ተቀምጦ ጥፍሩን ያያል።

ሰውየው የጦር ምስጢር በስልክ ይወጣ ነበር አለኝ። ምን ምን ይነግሩሽ ነበር አለኝ። «አንድ ቃል ብቻ ነው። አለ» አልኩት።

«ምስጢሩ እሱ ነው» አለኝ። «ኦፕሬተሩ ካለ ሰፈሩ አለ። ከሌለ የለም። ከተማው ሁሉ ይህን እየጠየቀ ከጣቢያ ጣቢያ ሲያስተላልፍ ጠላት አይሰማም?»

«እኔ ስለ ሰፈሩ አልጠየቅኩም።»

«የአስመራውን ሰው ስም በአዳራሽ ተናግረሻል።»

«ተናግሬያለሁ።»

«ትክክል ነው?»

አይደለም ማለት እችል ነበር። አሮጊት ነኝ፣ ሐዘንተኛ ነኝ፣ ተሳሳትኩ ብል ማን ይከራከረኝ ነበር? ግን አንዴ ተጽፏል። የተጻፈውን አነበበልኝ፣ አዎ አልኩት። አውራ ጣቴን ቀለም ሊያስነክረኝ ሲል መፈረም እችላለሁ አልኩና ፈረምኩ።

ሐምሌ 23

አሰገደች ዛሬ ሴቶቹ ፊት፣ «የኔ ስም አሰገደች ነው። ለጸሐፊው ስትሰጪው እንዳትሳሳቺ» አለችኝ። ጨዋታ አስመስላ ነው። ማንም አልሳቀም። አጠገቤ የነበረችው ሴት ሰፌዷን ይዛ ሌላ ቦታ ሄደች።

ሐምሌ 27፣ ረቡዕ

ድርቤ ትናንት ተለቀቀች። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ መጣች። በሩን ከፈትኩላት። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ማን አደረገው አላልኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ቁጭ ሳትል ጀመረች። ያለችውን ሁሉ እንዳለ ለመጻፍ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፣ ግን እጽፈዋለሁ።

«ግንቦት 14 ነው፣ ሃርሜ። እሑድ። ያን ቀን ጠዋት የነገርኩዎ እውነት ነው፣ በአንድ ሰዓት ድምፁ ነበረ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ጠፋ። ተድላ ሦስት ቀን በየሰዓቱ ጠራው፤ እኔ ፈርቼ ጅራ ስልዎ ነበር። በአራተኛው ቀን ከዚያ የመጣ ሾፌር ነገረው። ለኔም ነገረኝ። እኔ ምን እላለሁ? እርስዎ መስኮቴ ሥር እወድቃለሁ ብለውኛል። ያንን ለተድላ ነገርኩት።»

«እኔ ያልኩትን?»

«እንዳለ ነገርኩት። ከዚያ፣ 'እናቲቱ ዛሬ ብትሰማ እንድታለቅስ አይፈቅዱላትም። ፍትሐት ላድርግ ብትል ደብዳቤ አምጪ ይሏታል። መርዶው ሲደርሳት እንኳ አርባው የተጸለየለት ይሁን። አርባውን እኔ አወጣለሁ፤ እስከዚያ አለ እላለሁ፣ ኃጢአቱ የኔ ነው' አለኝ። አርባ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ለሞተ አይጸለይም። እሱ ነው ያስረዳኝ። የክርስትና ስሙን ጠይቂልኝ አለኝ። ጠየቅሁዎ።»

ለቅጽ ነው ብላኝ ነበር። ሁለት ጊዜ አስጻፈችኝ። እኔ ሳቅሁባት።

«ሰኔ 23 አርባው ሞላ። አስመራ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በስሙ አስጸለየለት፣ ለድሆችም አበላ። ያን ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ አለ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጠርቶኝ 'አልቋል፤ አሁን ንገሯት' አለኝ። እኔም ለአባ ነገርኳቸው።»

«ለምን በመርዶው ዕለት ቀኑን አልነገርሽኝም?»

«ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። በማግስቱ ጓድ ፉፋ መጣ። ቀኑን ካወቁ ማን ነገራቸው ይባላል። ሰው ሲቀንስ እመጣለሁ አልኩዎ። ከዚያ መንገድ ቀየሩ። መጣሁም፣ አልከፈቱልኝም።»

ክፋቴ መጣብኝ። «አርባ ቀን ልጄን ደብቃችሁኝ አርባ ቀን አስቃችሁኛል» አልኳት። «እናንተ ምን ቤት ናችሁ? የኔን ልቅሶ ማን ሰጣችሁ? አርባውን እኔ ነበርኩ የማወጣው።»

«አዎ፣ ሃርሜ» አለች። ብትከራከረኝ ይቀለኝ ነበር።

«ተድላስ?»

«ዛሬ ጠዋት ዕቃዬን ላስረክብ ስገባ ጠየቅሁ። አስመራ ሌላ ድምፅ ነው ያነሳው። 'ተድላ አለ?' አልኩት። 'አይመልስም' አለኝ። መልሱን ያውቀዋል፣ የኛ ሰው ነው። ሌላ መጨመር አልቻለም።»

እሷን ኑኑ ቁምባ መድበዋታል። እዚያ ያለው አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ የሚሠራውም አንዳንድ ቀን ነው።

አላቀፍኳትም። ስትወጣ ነጠላዬን አለበስኳት፤ ዝናብ ስለነበረ ነው።

ሐምሌ 28

ግንቦት 14። ሰማንያው ነሐሴ 3 ይውላል፤ እኔ አርባው ነው ብዬ ከቆጠርኩት ማግስት። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ልክ ነው።

ፉፋ ጋ ሄድኩ። «ስሙን የተናገርኩት ተሳስቼ ነው፤ ሐዘን አናውጦኝ ነው። ጻፍልኝ» አልኩት።

«ሃርሜ፣ ወረቀቱ እዚህ የለም» አለኝ። «ከሄደ ስምንት ቀኑ ነው።»

«አስመልሰው።»

«የሚመለስ አይደለም።» ዓይኔን ሊያየኝ አልቻለም። «ለምን ዝም አላሉም? እኔ እኮ በግዳጅ ላይ ነው ያልኩት...» አለና አልጨረሰውም።

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ

የባቻ ሰማንያ።

ጾም ገብቷል። ድግስ አልደገስኩም፣ የተፈቀደም አይደለም። ንፍሮ ቀቅዬ በሰፌድ ይዤ ሄድኩ። አባ ገብረመስቀል በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩለት። ወልደዮሐንስ ሲሉ ሰማሁ። አስመራም በዚህ ስም ተጠርቷል። እኔ በሌለሁበት የተጠራበትን ስም ዛሬ በጆሮዬ ሰማሁት።

ሲጨርሱ «ሌላ የምታስቢው ስም አለሽ?» አሉኝ።

«ተድላ።»

«የክርስትና ስሙ?»

«አላውቀውም።»

«በሙታን ነው የማነሳው በሕያዋን? አለ ወይስ የለም?»

«አይመልስም፣ አባ» አልኳቸው።

አባ ጥቂት አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ቆዩ፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ነሐሴ 4፣ ረቡዕ

ዛሬ በአንድ ሰዓት ስልክ ቤቱ መስኮት ሥር ቆምኩ። አዲሷ ኦፕሬተር ከጊምቢ የመጣች ሴት ናት። አታውቀኝም። «እማማ፣ መደወል ከሆነ ተራዎን ይያዙ» አለችኝ።

«አልደውልም። አስመራ ተድላ አለ ወይ?» አልኳት።

እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። ወደ ኋላዋ አየች፤ አለቃዋ ገና አልገባም። ሰካችው። አንገቷን ደፍታ አንድ ቃል ተናገረች። ጠበቅን። መንገዱ ላይ አህያ የሚነዱ ሰዎች አለፉ።

«አይመልስም» አለችኝ። «ነገም ይምጡ።»

ነገም እሄዳለሁ። ያለ ዛሬ አንድም ጠዋት ስለሱ ጠይቄ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ በሱ አፍ ስኖር ደህና ነህ ወይ ብዬው አላውቅም። የጠራሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱም አዳራሽ ውስጥ፣ ለጸሐፊ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ደብተሩም ሊያልቅ ነው። ይህን ደብተር አግኝታችሁ የምታነቡ፣ ልጄ በጦር ሰፈር የሞተ ወታደር ነው፤ በግንቦት 14፣ እሑድ፣ በአምስት ሰዓት። የክርስትና ስሙ ወልደዮሐንስ ነው። መቃብሩን አላውቅም። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት።

ከወሎ የሆናችሁ ደግሞ፣ አስመራ ስልክ ቤት ይሠራ የነበረ ተድላ የሚባል ሰው እናት ካወቃችሁ፣ የክርስትና ስሙን ጠይቁልኝ። የልጄን ጠይቆ ነበር፤ የሱን ማንም አልጠየቀውም። ካላወቃችሁ ለሚቀጥለው ሰው አሳልፉ፣ ጥያቄው እናንተ ጋ አይቁም። የሚሲዮን ሰዎች ለሞተ አትጸልዩም፤ እንግዲያው እናንተ እንዳለ ቆጥራችሁ ጸልዩለት። የቀራችሁት፣ ስሙ እስኪገኝ ድረስ ተድላ እያላችሁ፣ ከልጄ ከወልደዮሐንስ ጋር በአንድ ጸሎት አስቡልኝ።